ዘቢብ የገባበት ጠላ

ስለ መጠጥ ብዙ የማወራ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሴት ጥሩ ጠላ ጠመቀች ከተባለ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ እኔም ሳላፍር ሄጄ እቀምሳለሁ፣ ቀምሼም ዝም አልልም። "የዚህ ጋን በደንብ አልታጠነም" እላለሁ። "የዚህኛው ጌሾ በዝቷል" እላለሁ። ግማሹን ከራሴ እየጨመርኩም ቢሆን ሰው ይሰማኛል። ደብዳቤ ሳረቅቅለት የማያምነኝ አለቃዬ እንኳ ስለ ጠላ ስናገር ራሱን ይነቀንቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ለሥልጠና ውጭ አገር ከርሞ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ጠርቶን ነበር። ከምሳ በኋላ ከቁም ሳጥኑ አንድ ጠርሙስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "በዘቢብ የተጠመቀ ጥቁር ቢራ ነው፤ ላንተ ብዬ ነው ከልብሴ ጋር ጠቅልዬ ያመጣሁት። እስኪ ተናገርበት" አለኝ። ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ ቀዳልን።

ቀለሙ ጥቁር ነው፤ ወደ መስኮቱ ሲይዙት ግን ከሥሩ ቀላ ይላል። አረፋው ቡናማ ነው፣ ቶሎ አይከስምም። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ የመጣው የተቆላ ገብስ ሽታ ነው፤ ሊያር ጥቂት ሲቀረው የወረደ ገብስ። ስጎነጨው ብቅሉ ወፈር ብሎ ምላሴ ላይ ተኛ፣ ጣፈጥ አለኝ፣ ከዚያ ከጎንና ከጎን ትንሽ መረር አለ። ዘቢቡ የመጣው ከዋጥኩት በኋላ ነው። ጉሮሮ ላይ ቀርቶ፣ ጠቆር ያለ፣ ንጹሕ፣ ምንም ነገር ያልተቀላቀለበት ዘቢብ። ሰዎቹ አፌን እያዩ ይጠብቁኛል። እኔ ግን "ጥሩ ነው" ብዬ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

"ምነው ዛሬ? አፍህን ዘጋው እንዴ ቢራው?" አለኝ ባልደረባዬ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ያን ጣዕም አውቀዋለሁ። አንኮበር፣ አክስቴ ቤት፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ስጠጣው ያደግሁት ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔም "እቴቴ" ነው የምላት። ባሏ ሲሞት ሚካኤልን በዓመት አንድ ጊዜ ልትዘክር ተሳለች፤ ከዚያ ወዲህ በየኅዳሩ ቄሱን፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን ሁሉ ትጠራለች። ዳቦዋ እንደ ማንም ሰው ዳቦ ነው። ወጧም እውነቱን ለመናገር ጨው ይበዛዋል። ጠላዋ ግን ሌላ ነበር። ገብሱን ከሌላው ሴት ይልቅ አጥቁራ ትቆላለች፤ ድፍድፉ ላይ ደግሞ የተወቀጠ ዘቢብ ትጨምራለች። ዘቢብ ለቁርባን እንጂ ለጠላ ምን አገባው ያሏት ነበሩ። ከቀመሱት በኋላ ግን ማንም ያን ነገር ደግሞ ሲያነሳ አልሰማሁም። ከሰላ ድንጋይ ድረስ ለዚያች ቀን ሲል የሚመጣ ዘመድ ነበረን፤ ለሚካኤል ነው የመጣሁት ይላል፣ ሁላችንም ለምን እንደመጣ እናውቃለን።

ሲቀዳ ወጉ እንዲህ ነው። ቀጂዋ ለሰው ከመስጠቷ በፊት ከጆጉ ትንሽ መዳፏ ላይ ታፈስና ሰው እያየ ትጠጣለች። በኔ ይሁንባችሁ እንደማለት ነው። እቴቴ ይህን ስታደርግ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ትንሽ ትቆያለች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ከዚያ "ጠጡልኝ" ትላለች። የዓመት ኩራቷ በሙሉ በዚያች ቃል ውስጥ ነበር። እጅግ የማትመካ ሴት ናት፤ በጠላዋ ግን ትመካ ነበር።

ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት ክረምቱን ክፉኛ ታማ ተኛች። ሳንባዋ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ወስዳ ዳነች፤ ሽታ ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላትም። ለማንም አልተናገረችም። የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው፣ ያውም ልጠይቃት ሄጄ ወተቱ ምድጃ ላይ ገንፍሎ ሲያር እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስላየኋት ነው። "አልሸተተኝም" አለችኝ። "ጣፋጭና መራራ እለያለሁ፣ ጨውም አውቃለሁ፤ ሌላው ሁሉ ጠፍቷል። ለሰው እንዳትናገር።" ከዚያ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ዘንድሮ ጠላውን አንተ ትቀምስልኛለህ። ያንተ አፍ ያውቃል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። እኔ መዳፌ ላይ የማፈሰው ያንተን ቃል አምኜ ነው።"

እሺ አልኳት። ደስም አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። በከተማው ውስጥ እየዞርኩ የማወራው ወሬ በመጨረሻ ለቁም ነገር ተፈለገ ብዬ ኮራሁ።

ዘቢቡን የምገዛውም እኔ ነበርኩ። እቴቴ የምትፈልገው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍና ዕጣን የሚሸጠው ሱቅ ያለው፣ ጥቁሩ፣ ድርቅ ያለው፣ ፍሬው ያልወጣለት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሰጠው። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሄጄ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት፣ በማግስቱ ልመለስ ብዬ ረሳሁ፣ ልነሣ ስል ደግሞ ሚኒባሱ ሊሄድ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ዘቢብ ገዛሁ። የሚያምር፣ የሚያብረቀርቅ ዘቢብ ነው። ዘቢብ ያው ዘቢብ ነው አልኩ ለራሴ።

ይኼን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ፕላስቲኩን ቀድጄ ዘቢቡን በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ጥያቄ እንዳታበዛብኝ ብዬ ነው። እቴቴ ፈታችና በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። "ይኼ ይለሰልሳል እኮ" አለች። ድሮ ቢሆን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋው ነበር፤ ልታስጠጋም ብላ እጇን ከመንገድ መለሰችው።

"የዘንድሮ ነው፣ አዲስ ስለሆነ ነው" አልኳት።

"እንግዲያ ይሁን" ብላ ሙቀጫዋን አነሳች።

ከዝክሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ልቀምስ ሄድኩ። ጠላው ተበጥብጦ፣ ጠልሎ፣ ደርሶ ነበር። እቴቴ በነጭ ሲኒ ቀዳችልኝና አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሲኒውን ከበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ሳየው ላዩ ላይ ስስ የሆነ የሚያብለጨልጭ ነገር አለበት። ዘይት ነው። ቀመስኩት። የተቆላው ገብስ አለ፣ የወይራው ጭስ አለ፣ ምሬቱም በልኩ ነው፤ እንዳልዋጥኩት ግን አንድ ሽታ ከታች ተነሥቶ አፌን ሞላው፣ ሰንብቶ የተበላሸ የመጥበሻ ዘይት። ወዲያው ገባኝ። ያ ያብረቀረቀኝ ዘቢብ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በዘይት የታሸ ነው። ቤቴ ተመልሼ የቀረውን ፕላስቲክ ሳነበው በትንንሽ ፊደል ተጽፎበታል። ግን ሳላነበውም አውቄ ነበር።

"እህስ?" አለችኝ። "ካልሆነ ንገረኝ። ሦስት ቀን አለኝ። ከጎረቤቴ አንድ ጋን ጠላ እለምናለሁ፣ ማሩም አለ፣ ብርዝ እበርዛለሁ። ሰው አይቀየመኝም። ብቻ ንገረኝ።"

ይኼን ሁሉ አለችኝ። መውጫውን ሁሉ በእጇ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጠላው አልነበረም፤ ተበላሽቷል ካልኩ ምን አበላሸው ትለኛለች፣ ዘቢቡ ካልኩ ከየት ገዛኸው ትለኛለች፣ ከዚያ ጋዜጣው ይመጣል። አርባ ስድስት ዓመት የሞላኝ፣ ልጆች ያሉኝ ሰው፣ እንደተማሪ ፈራሁ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ነው ሊለኝ ይችል ይሆናል። ይሉኝታ አይደለም። ራሴን ላድን ብዬ ነው።

"እንደ ድሮው ነው" አልኳት።

ፊቷ በራ። ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና "ተመስገን፣ እኔ እኮ ሆዴ ፈርቶ ነበር" አለች።

በዝክሩ ዕለት ቤቱ ሞላ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ። እቴቴ ጆጉን ይዛ መሐል ቆመች፣ መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጠጣች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገችና "ጠጡልኝ" አለች። ልክ እንደ ሁልጊዜው። በርጩማዬ ላይ ሆኜ የቄሱን ዋንጫ አያለሁ።

ቄሱ ተጎነጩና ዋንጫውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት፤ ደግመው አላነሡትም። ከሰላ ድንጋይ የመጣው ዘመዳችን ቀምሶ ወደ ዋንጫው ውስጥ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ጣራው አየ። ሁለተኛውን ዙር ልትቀዳ ስትመጣ ሰው ሁሉ በተራ ዋንጫውን በመዳፉ መክደን ጀመረ። "በቃኝ እናቴ።" "ይመስገን፣ ጠጥቻለሁ።" "ዛሬ ጨጓራዬ ነው።" አንድም ሰው ጠላው ተበላሽቷል አላለም፤ በዝክር ቤት እንዲህ አይባልም። ሁሉም ዋንጫውን ከድኖ ይመርቃታል። እጅ በተከደነ ቁጥር እቴቴ ቀና ብላ የሰውየውን ፊት ታያለች።

ያኔ እኔ ልረዳት ፈለግሁ። ምን ዓይነት እርዳታ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ዋንጫዬን ጨለጥኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "እቴቴ፣ ለእኔ ድገሚልኝ እንጂ" አልኳት። መጥታ ሞላችልኝ። ሁለተኛውንም ዓይኔን ሳላሽ ጠጣሁት። እሷም ስታየኝ ልቧ ተመልሶ፣ ጆጉን ይዛ እንደገና ለሰው ልታዞር ሄደች፤ እንደገና ዋንጫው ሁሉ በመዳፍ ተከደነባት።

ሰው ከሄደ በኋላ ዋንጫዎቹን ስትሰበስብ ሁሉም ከባድ ነበር። "ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"ሰው ዘንድሮ መጠጥ ቀንሷል" አልኳት።

ጋኑን እየጎተተች ወደ ጓሮ አውጥታ ብቻዋን ደፋችው። ልርዳሽ ስላት "ተወው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም። "እጄ ከዳኝ" አለች። ጋኑን ለጎረቤቷ ሰጠቻት። ከእናቷ የወረሰችው፣ በወይራ ጭስ ጠቁሮ የኖረ ጋን ነው። አሁን ለዝክሩ ጎረቤትየዋ ትጠምቃለች፣ ያለ ዘቢብ፤ እቴቴ ዳቦዋን ጋግራ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ጆግ አትይዝም። ጆግ የያዘ ሰው መዳፉ ላይ አፍስሶ መቅመስ አለበታ። ሰላ ድንጋይ ያለው ዘመዳችንም ከዚያ ዓመት ወዲህ አልመጣም፤ መንገዱ ከብዶኝ ነው ይላል።

በየዓመቱ ልነግራት አስቤ እሄዳለሁ፣ በየዓመቱ ሳልነግራት እመለሳለሁ። አንዱን ዓመት እንግዳ አለ እላለሁ፣ ሌላውን ዓመት ደክሟታል እላለሁ። ያ የባልደረባዬ ቢራ ነው ያሳፈረኝ። ከማያውቁኝ ሰዎች አገር የመጣ ጠርሙስ፣ የእሷን ጠላ በንጹሑ አስቀመሰኝ። በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ካለው ሱቅ ያን ጥቁሩን ዘቢብ በጋዜጣ አስጠቅልዬ ተሳፈርኩ።

ደጃፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሰላም ሳልላት ማለት ይቻላል ጀመርኩ። ሱፐርማርኬቱን ነገርኳት፣ ፕላስቲኩን ነገርኳት፣ ጋዜጣውን ነገርኳት። ዘይቱን ነገርኳት። እጇ ምስሩን መልቀሙን አላቆመም።

"ስትቀምሰው ዐወቅኸው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ያን ዕለት? ሦስት ቀን ሲቀረው?"

"አዎ፣ እቴቴ።"

ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አኖረችው። "እኔ እኮ እጄን ጸበል አስረጭቼዋለሁ" አለች። "ምን በድዬ ነው ሚካኤል ስጦታዬን የመለሰብኝ ብዬ ቄሱን ጠይቄያቸዋለሁ። ቀኖና ሰጥተውኝ ሰገድሁ፣ በዚህ ጉልበቴ።" ድምፅዋ አልተለወጠም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። "ይቅር ይበልህ" አለችኝ፣ ሰው ሲያስነጥስ የሚባለውን ያህል ቀለል አድርጋ። ያመጣሁትን ዘቢብ ሰጠኋት። ሳትፈታው ጭኗ ላይ ትንሽ አቆየችውና መለሰችልኝ። "ስትወጣ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባው። እኔ ምን አደርግበታለሁ? ጋን የለኝ።"

እንግዳ ሳይጠጣ አይሄድም፣ እኔም ብሆን። ተነሥታ ከጎረቤቷ ቤት ጠላ በጆግ ይዛ መጣች። ከዚያ ከድሮ ጋኗ የተቀዳ ነው። መዳፏ ላይ አላፈሰሰችም። ዋንጫዬን ሞላችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ቅመስና ንገረኝ" አለችኝ።

ቀመስኩት። ፊቷን አየሁ፣ ከዚያ ፊቷን ማየት ተውኩ። "ቀጥኗል" አልኳት። "ገብሱ በደንብ አልተቆላም። ጌሾው በዝቶ ጉሮሮ ይይዛል።"

"እንዲያ ነው" አለች። "እኔም መራራነቱ በዝቶብኛል።"

ጆጉን አንስታ ልትደግምልኝ ጎንበስ ስትል ሳላስበው ዋንጫዬን በመዳፌ ከደንኩት። እቴቴ እንዳጎነበሰች ቆማ እጄን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ያን ቀን ግን ሁለት ጠጥተህ ነበር" አለችኝ።